«አቦ!» አለ ሮቦቱ

ትናንት ማታ አገኘሁት፣ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ፣
በስልኬ መስኮት ውስጥ፣ መዳፌን በማይሞላ፤
ያንን ቆርቆሮ ሰው፣ ያንን ክብ ሆድ፣
ሲደነግጥ አንገቱ ወልቆ የሚሄድ፣
ከሩቅ ኮከብ መጥቶ፣ መርከቡ ነዳጅ ጨርሶ፣
ሰው ጓሮ የወደቀ፣ የሰው ልብስ ለብሶ።
ሳቄን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ፤
እንደ ድሮው ሆዴን ይዤ ልፈነዳ ተቀመጥሁ።
አልመጣም።

ያኔ መጋላ ውስጥ፣ ከበርበሬ ተራ ጀርባ፣
የሙሜ ቪዲዮ ቤት ነበር፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባ።
ሃምሳ ሳንቲም ወንበር፣ ሃያ አምስት ምንጣፍ፤
ሴት ልጅ ከመጣች ግን ሙሜ ይቆማል ከደጃፍ።
እኔና ረምላ በጓሮ፣ ፍየል በሚታሰርበት፣
በቆርቆሮው ሽንቁር፣ በየተራ ያየንበት።
አንድ ነበር ሽንቁሩ፤ በሳምንቱ ሁለት ሆነ፤
እንዴት ብለን አልጠየቅንም፤ ዓይናችን ብቻ ተከደነ፣
አንዱ ተከደነ፣ አንዱ አየ።
ቆርቆሮው በድሬ ፀሐይ ግሎ ቅንድባችንን ይጠብሳል፤
ውስጥ ያ ቬንትሌተር እንደ ሽማግሌ ይስላል።

ፊልሙ በምን ቋንቋ እንደነበር ማንም አያውቅም፤
ሙሜም አያውቅም።
ግን ሸምበቆውን ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆምና፣
ያን ቆርቆሮ የድሬ ልጅ ያደርገዋል፣ አፉን ሲከፍት ገና፦
«አቦ ተወኝ!» ይላል ሮቦቱ፣ «ኮንትሮባንድ አይደለሁም እኔ፣
ቀረጥ ተከፍሎብኛል፣ ከራስ ቅሌ እስከ ጎኔ!»
ያ ነጭ ካፖርት የለበሰው፣ የሚያሳድደው ሊቅ፣
በሙሜ አፍ የፊናንስ ሹም ነው፣ ደወሌ ላይ የሚጠብቅ፤
የሰማዩ መርከብ ባቡር ነው፣ ከጅቡቲ የዘገየ፤
ጨረቃው ደግሞ ሺንሌ፣ ዝናብ ካየው የቆየ።
ወንበሩ በሳቅ ይገለበጣል፤ እኛ በጓሮ ታፍነን፣
ረምላ የሻሿን ጫፍ ነክሳ፣ እንዳይሰሙን ፈርተን።

መጨረሻ አልነበረውም። ካሴቱን ማጫወቻው በልቶት፣
አስር ደቂቃ ሲቀረው፣ መስታወቱን ጉንዳን ወሮት፣
ሰው የሚነሳ ይመስላችኋል? ማንም ንቅንቅ አይልም፤
ሙሜ ጉንዳኑን እያየ ይተረጉማል፤ አያቆምም።
አንድ ቀን ሮቦቱ ምድር ባቡር ገባ፣ የፍሬን ሠራተኛ፤
በማግስቱ ፍሪጅ አጨ፣ የከዚራ ልጅ፣ ቀዝቃዛ ግን እውነተኛ፤
ደቻቱ የሞላ ሳምንት ደግሞ ጎርፍ ወሰደው፣ ዛገ፤
ልጆች ቢያለቅሱበት፣ ሙሜ ለሐሙስ ሌላ ራስ ፈለገ።

ትናንት ግን ትርጉሙ ከሥር፣ በነጭ ፊደል፣
ቃሉ ሁሉ በቦታው፣ እንደ ባንክ ደብተር እኩል።
ሮቦቱ «በሩ የት ነው?» ይላል። «ስንት ሰዓት ነው?» ይላል።
ነጭ ካፖርቱም ጠላት አይደለም፤ መፍቻ ይዞ ነው የሚሮጥ፣
አንገቱን ሊያጠብቅለት፤ ያ ሞኝ ግን ይሸሻል፣ ሲደነግጥ።
መጨረሻውንም አየሁት፤
መርከቡ ተጠገነ፣ እጅ አወዛወዙ፣ አለቀ።
ምድር ባቡር የለም። ፍሪጅ የለም።
ለረምላ ደወልኩ፤ ጅግጅጋ ናት፤ ስልኳ አይነሳም።

ዛሬ አሸዋ ሄድኩ። ሙሜ ጃንጥላ ሥር ቻርጀር ይሸጣል፤
ጢሙን ሂና ቀብቶታል፤ «ወሪያ!» ብሎ ልጅ ይጣራል።
አላወቀኝም፤ ጓሮውን፣ ፍየሏን ስጠራ ግን ሳቀ፤
«ሁለት ዓይን» አለ፣ «ባንድ ቀዳዳ እየተጋፋ ስለተጨነቀ፣
ሌላ የበሳሁላችሁ እኔ ነኝ፤ በምስማር።»

ስልኩን ሰጠሁት። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፤
ከሥር የሚያልፈውን ፊደል በጣቱ እየተከተለ ወረደ፤
ራሱን ሦስት ጊዜ ነቀነቀና፣
«አይ!» አለ፣ «ተርጓሚው አበላሽቶታል፤ ቋንቋ አያውቅም ገና።»
ድምፁን በአውራ ጣቱ ዘጋው። ጉሮሮውን ጠረገ።
ገመድ ሊገዛ የቆመ ባለባጃጅ
ሞተሩን አጥፍቶ ጠጋ አለ።