ጉድባና ጉብታ

በምሥራቅ አየርላንድ፣ ከድሩምካራ ወተት ማኅበር ጀርባ፣
ላሞች የሚግጡት አንድ ጉብታ አለ፣ ዙሪያውን ጉድባ።
እንግዳ ሰው ቢያየው ተፈጥሮ የሠራው ይመስለዋል፤
ጥንቸል ቤቷን ምሳበታለች፣ ሣር እስከ ጉልበት በቅሎበታል።
የሜትሩን ጫፍ ይዤ ስንሸራተት ጭቃው ላይ፣
ፊንታን ባለመሬቱ ሳቀ፣ ዱላውን ቀስሮ ወደ ሰማይ፦
«ልጄ፣ ይሄ ኮረብታ አይደለም፤ የሰው ወገብ ነው፣ አይታይህም ወይ?»

በዚያ ዘመን፣ በጸደይ፣ ዋሪን የሚሉት ፈረሰኛ
መጣ ከባሕር ማዶ፣ ቋንቋው ለመንደሩ መጻተኛ።
ካስማ ተከለ መሐል ማሳ፣ ገመድ አሰረ፣ ዞረ፤
በገብሱ ቡቃያ ላይ ክብ አስምሮ «ቆፍሩ» ብሎ ተናገረ።
ገብሱ የጎርምላ ነበር። ባል የሞተባት፣ ሁለት ልጅ።
የገዛ ማሳዋን ቆፈረች፣ በገዛ ቅርጫት፣ በገዛ እጅ።
ከታች ታነሣለች፣ ከላይ ትደፋለች፤
ሲመሽ ቅርጫቱን በጠጠር፣ ልጆቿን በስም ትቆጥራለች።
ጉድባው በጎደለ ልክ ጉብታው ከፍ አለ፤
እዳውን ከሥሩ ያልቆፈረ ከፍታ የት አለ?

ጫፉ ላይ የእንጨት ግንብ ቆመ፣ ሳንቃው ገና ሙጫ የሚሸት፤
ሥሩ ጋጣ፣ አንጥረኛ፣ የቢራ በርሜል፣ የውሻ ጩኸት።
ዋሪን ከላይ ሆኖ ሲያይ አገሩ ሁሉ የሱ መሰለው፤
ጎርምላ ከታች ሆና ስታይ፣ ማሳዋን ነው የረገጠው።
አገልጋይ በአፉ ካበው፣ ገባር በአፈር ካበው፤
የአፉ ቶሎ ፈረሰ፣ ያፈሩ ግን ይኸው።

አርባ ዓመት እንኳ አልሞላው። ማን እንደለኮሰው ሳይታወቅ
አንድ የኅዳር ሌሊት ነደደ፤ መንደሩ ሁሉ ወጣ ሊሞቅ።
ዋሪን ይሙት፣ ይሽሽ፣ መዝገቡ እዚያ ላይ ተቀዷል፤
ግጥሙ ቤት ሳይመታ ቀረ፤ ቤቱ ነዷል።

«አባቴ፣» አለ ፊንታን፣ «ሊደለድለው ቆርጦ
ዶዘር ተከራየ፣ ግማሹን በብድር፣ ግማሹን በግ ሸጦ።
ነጂው አንዴ ገመጠው፣ በምሥራቅ በኩል ጎኑን፤
ከዚያ የእሾህ ዛፏን አየና አጠፋ ሞተሩን።
ዳቦውን በላ፣ ሻይ ጠጣ፣ 'እመለሳለሁ' ብሎ ሄደ፤
ይኸው ሃምሳ ዓመት፤ ዶዘሩን ባለንብረቱ መጥቶ ወሰደ።
'ቆሌ አለው' ይላሉ። እኔ እንጃ።
ቅርንጫፏን ግን አልቆርጥም።»

የተገመጠው ጎን ተከፍቶ ቀርቷል እንደ ቁራሽ ዳቦ፤
ጥቁር አፈር፣ ቢጫ ሸክላ፣ ከሰል፣ በተራ ተደራርቦ።
ከሁሉም ሥር ግን፣ ጣት የማትሞላ አንዲት ቡናማ መስመር፦
የጎርምላ ማሳ፣ ከነፈሩ፣ የተቀበረው በራሱ አፈር።

«ስንት ሆነ?» አለኝ ፊንታን። «ሰባት ሜትር ከሃያ።»
«አያቴ በገመድ ሲለካው ዘጠኝ ነበረ፤ ምን ዓይነት ገበያ!»
እኔ ሳልመልስ ዝናቡ መጣ፤ በላሞቹ ኮቴ ዱካ
ቡናማ ውኃ ይወርዳል፣ ቀስ ብሎ፣ በማንካ በማንካ።
ስምንት መቶ ዓመት ሆነው ከተጀመረ ይህ መመለስ፤
ቅርጫት በቅርጫት የወጣው፣ ጠብታ በጠብታ ሲፈስ።

ሜትሩን ስጠቀልል እጄ ላይ ጭቃ አገኘሁት፤
ሱሪዬ ላይ ልጠርገው ብዬ፣ የማን እንደሆነ አሰብኩት፤
ጎንበስ አልኩና፣ ጉድባው ውስጥ፣ ከሣሩ ላይ አበስኩት።