በሲጋራ የተለካ ውሃ

አባቴ ለዝሃር፥ ብረት በያጅ ነበር፤
ከወዳደቀ ቱቦ፥ ከአሮጌ ሞተር፥
በዋዲ ሱፍ አሸዋ፥ ዛፍ በሌለው ማሳ፥
ውሃ እየረጨ የሚዞር፥ አንድ ክንድ አነሣ።

ደብተሩን አገኘሁ፥ ከፓምፑ ቤት ጓዳ፤
ዘይት የጠጣ ገጽ፥ ጠርዙ የተጎዳ፤
ሦስት ዓምድ አለው፥ የተሰመረ በእጁ፤
የተከላው ቀን፥ ውሃው፥ ጆንያው ነው ልጁ።

ሰዓት አያምንም ነበር፤ ውሃውን ሲለካ
በሲጋራ ነበር፤ ዘግይቶ ገባኝ ለካ
«ዛሬ ሁለት» የሚለው። «ሸሂሊ ነፋስ ነው፥
አራት ይበቃዋል፤ ቅጠሉን አየሁት፥ አንገቱን ደፋው።»
ኋላ ሳሉ ጠንቶ፥ ሐኪም ሲከለክለው፥
ለኩሶ ከድንጋይ ላይ ያስቀምጠው ነበር፥ ሳይስበው፤
«ለኔ አይደለም፥ ረቢዓ፤ ለድንቹ ነው» ብሎ።

አንድ ዓመት ቸኮለ፤ ገበያ ሊቀድም፥
ነሐሴ ሲጠባ፥ አሸዋው ሳይበርድም
ዘሩን ቀበረው። ያ የጋለ መሬት
የድንቹን ዓይን ቀቀለው፥ ገና በጨቅላነት።
ከዚያ ሁሉ ማሳ «አርባ ጆንያ» ይላል፤
ከጎኑ የጣት አሻራ፥ በዘይት፥ ይታያል።

ጎረቤታችን ሐጅ ቡጀማዓ ደግሞ
ጥቅምት እስኪጋመስ ቆይቶ አዝግሞ፥
ያምርለት ነበረ፥ ለምልሞ ቅጠሉ፤
የታኅሣሥ ውርጭ መጣ፤ ጠቆረ በሙሉ፤
ድንቹ ከሥር ቀረ፥ እንደ ወይራ ፍሬ።
(ሁለቱ ተያይተው ሳቁ አሉ፤ እንጃ፥ ወሬ።)

ቀጥሎ ባለው ገጽ ቀኑ አልተሳሳተም፤
ሥሩ ሲያኮርት ግን፥ ፓምፑ ውሃ አልሳበም።
ስምንት ቀን ተጠማ። በዘጠነኛው ለት
አባቴ ተጸጽቶ፥ ሌሊቱን ሙሉ፥ አንድ ፓኮ ውሃ ለቀቀበት።
ድንቹ በየጎኑ ቡግር እያወጣ
አንዳንዱም ተተርትሮ፥ ጠማማ ሆኖ መጣ።
«የዘገየ ደግነት» ይላል የደብተሩ ዳር፥
«ቆዳ ይተረትራል።» ሌላ አልጻፈም ነበር።

ከዚያ፥ እናቴ የተኛችበት ዓመት።
ቀን የለም።
ጆንያ የለም።
በውሃው ዓምድ ብቻ፥ በደቃቅ ጽሑፍ፦
«በማንኪያ።»

ዛሬ መስከረም አምስት። አሸዋው በረድ ብሏል፤
ክንዴን እስከ ክርኔ ቀብሬ ጨበጥኩት፤ ትንሽ ይጣበቃል።
እንደ ቡጀማዓ አልቆይ፥ እንደ አባቴ አልቸኩል፤
የቀረውን ደግሞ ሰማይ የሚለውን ይበል።

ሱቅ ሄጄ ሲጋራ ስጠይቅ፥ ነስሪ ባለሱቁ
አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ልጆቹ ተሳሳቁ።
እኔ አላጨስም። አንዷን ለኮስኩና
ከድንጋዩ ጫፍ ላይ አጋደምኳት፤ ክንዱም
አንድ ጊዜ ቃትቶ፥ ዝገቱን አራግፎ፥
ዞረ።

ግማሽ ላይ ስትደርስ ነፋስ መጥቶ አጠፋት።
መልሼ ለኮስኳት።
ይህች አሁን አንድ ናት? ወይስ ሁለት ትባላለች?
ደብተሩን ገለበጥኩ፥ ከዳር እስከ ዳር።
አባቴ አልጻፈውም።