የዱቤ ደብተር

በቡሬ ገበያ፣ በበርበሬው ተራ፣ ሚዛን ይዤ ሳለሁ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ለቀይ ነገር ሁሉ ዋጋ ቆርጫለሁ።
ዛላውን በድምፁ፣ ዱቄቱን በሽታ፣
ከወንበርማ ይሁን ወይ ከሌላ ቦታ፣
ሳልጠይቅ አውቃለሁ።
የገዛ ክርኔ ቅላት ግን አልታወቀኝም፣ ከየት እንደመጣ።

በጥቅምት ሳንቲም ነች፤ በኅዳር መዳፍ፤
በታኅሣሥ አንገቴን ወጥታ፣ ግንባሬ ላይ ልታርፍ።
ባካት ትደማለች፣ ብተዋት ትነዳለች።
ቀን ለሰው ስመዝን፣ ሌት በጥፍሬ ሳርስ፣
አንሶላው ላይ አመድ የመሰለ ቅርፊት ሲፈርስ፣
ውብአንቺ በጠዋት፣ ሳትናገር፣ ታራግፋለች።
(አለመናገሯ ከማከኩ ይብሳል።)

ምች ነው አሉ፤ ዳማከሴ ጨመቁ።
የሰው ዓይን ነው አሉ፤ ጠበል ወስደው አስጠመቁ።
ከመድኃኒት ቤት ቅባት ገዛሁ፤ ሳምንት ያበርድና
ደግሞ ይመጣል፣ ገንዘቡን እንደሚጠይቅ ሰው፣ በሬን እያንኳኳ።

«እከክልኝ ልከክልህ» የሚሉት የገበያ ሕግ አለ፤
ለቀራጩ አክኬ፣ ለደላላው አክኬ፣ ስንቱ ቀን አለፈ።
ለዚህኛው ግን የሚዋዋለኝ ጠፋ።
ይባስ ብሎ አንዲት ደንበኛዬ፣ መልሷን ስዘረጋላት፣
«ሚዛኑ ላይ ጣልልኝ» አለች፣ እጄ እንዳይነካት።
ጣልኩላት። አሥር ብር ምንም አይመዝንም።
መርፌው ግን ያን ቀን እስከ መጨረሻው የሄደ መሰለኝ።

ጤና ጣቢያ፣ ሲስተር የሺሐረግ ክንዴን ገልብጣ አየች፤
ሁሉም «ምን ትቀባለህ?» ሲለኝ፣ እሷ «ምን ትበላለህ?» አለች።
ቆጠርኩላት፦
ጠዋት ቦንቦሊኖ፣ ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር፤
ቀን ቀይ ወጥ፤ ማታ፣ ሒሳብ ሲዘጋ፣ ከነስንሻው ጋር
የደምበጫ አረቄ፣ አንዳንዴ ሁለት
(ውሸት ነው፤ አራት)።

«ቅባቱን አትተው» አለች፤ «እሱ ከላይ ያጥፋ፤
አንተ ከታች ማገዶ አታቀብል፣ እሳቱ እንዳይፋፋ።
ተልባ ጠጣ፣ ጎመን ብላ፣ ቀይ ስር፣ ካሮት፤
ከጣና ዓሣ ሲመጣ፣ ከሥጋው እሱን አስቀድምለት።
ግን ስማኝ፤ ለሁሉ ገላ ዳኛው አንድ አይደለም፤
ላንዱ የበጀው ሌላውን ያስቆጣል። ያንተን እኔም አላውቅም።
የበላኸውን ጻፍ። ያሳከከህን ጻፍ።»

ደብተር የለኝም እንዳልል፣ የዱቤው አለ።
በግራ ገጽ፦ ሰው ከኔ የወሰደው።
በቀኝ ገጽ፦ ቆዳዬ ከኔ የወሰደው።

ፍርዱን ግን ቀድሜ ቆርጬ ነበር፤ ጥፋተኛው በርበሬ!
ልጆቼን ያሳደገ፣ ቤቴን የሠራ፣ ዞሮ የነከሰኝ አውሬ።
ከነገ ጀምሮ አልጫ ብዬ አወጅኩ።
ውብአንቺ እርድ የነሰነሰችበትን አቀረበች፤ ጎረስኩ።
ተራው ሙሉ ሳቀ።
«ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል» አለኝ ስንሻው፣
«የሚሸጠውን የሚፈራ ነጋዴ፣ ማን ሊያምነው?»

ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ደብተሩ ምንም አላለ።
በአራተኛው ደምበጫ ለቅሶ ደረስኩ፤ መለኪያው ሲቀዳ ዋለ።
ሌሊት አንገቴ ነደደ። ጻፍኩ።
ሌላ ቀን በአልጫው ላይ ሦስት ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ። ነደደ። ጻፍኩ።
አንድ ቀን ተሳስቼ ቀይ ወጥ በላሁ፤ ተልባዬን ጠጥቼ ተኛሁ።
ምንም።
አላመንኩም፤ ደግሜ በላሁ።
ምንም።

እንግዲህ ባለ ዛላው ጌታ፣ ይቅር በለኝ፤
ቀይ ስለሆንክ ብቻ ፈርጄብህ ነበር።
ያ ነጩ፣ ያ ጣፋጩ፣ ያ ውኃ የሚመስለው ነው የጎዳኝ።

ዛሬ ሰኔ ነው። ድኛለሁ ልበል? አልዳንኩም ልበል?
ክርኔ ላይ ያች ሳንቲም አሁንም አለች፤
እንቅልፍ ሳጣ፣ ሲከፋኝ፣ ብቅ ትላለች።
ቅባቱም ከመደርደሪያው አልወረደም።
አንሶላው ግን ሲራገፍ የሚወድቅ የለም፤
ውብአንቺም እንደ ድሮው፣ ስለማይረባው ሁሉ ታወራለች።

ትናንት ያች ደንበኛዬ ኪሎ ተኩል ገዛች።
መልሷን ሚዛኑ ላይ ላኖር ስል፣
የጤፍ ዋጋ እያማረረች፣ እጇን ዘረጋች።
ሳታስበው።

በግራ ገጽ ልጻፈው ወይስ በቀኝ፣
ቸገረኝ።