የራስ ሪድዋን ቁጥር

ቬንትሌተሩ ያንኑ ሙቀት ያማስላል፣
ኮምፒውተሩ ራሱ ላብ ላብ የሚለው ይመስላል።
ገንደ ቆሬ ፍራሹን ዘርግቷል ከደጃፉ፤
እኔ ግን ንጉሥ ነኝ፣ ይቆየኝ እንቅልፉ።

ሰባት አበጋዝ አለኝ፤ በየራሳቸው ላይ
ቁጥር ተንጠልጥሏል፣ ታማኝነት የሚያሳይ።
ከአንድ እስከ አሥር ነው። አሥሩ ይሞትልሃል፣
አምስቱ ያመነታል፣ ሁለቱ ይሸጥሃል።

የባሕር ማዶ ስም ነበራቸው፣ ምላስ የሚያስር፤
ስም መቀየር ይቻላል ጌሙ ሲጀመር።
እኔና ሪድዋን፣ በአንድ ወንበር፣ በአንድ ማውስ፣
የሰፈሩን ልጆች ሾምን እስኪነጋ ድረስ፤
ባጃጅ ነጂው ኢብሳ የፈረሰኛ አለቃ፣
ፈጢራ ጠባሹ አፈንዲ የበር ጥበቃ፣
ብድር የማይመልስ ዚያድ የግምጃ ቤት ሹም፤
ያን ሌሊት የሳቅነው አልበረደም አሁንም።
ሪድዋን የራሱን አለ፦ «እኔን ራስ አርገኝ፣
ከድንበሩ ምሽግ፣ ከባሕሩ ዳር ጣለኝ።»

አቦ፣ ንግሥና ቀላል ይመስለኝ ነበር፤
ዘውድ ደፍቶ መቀመጥ፣ ጠላትን መስበር።
ለካ ከጠላት ጋር ቀላል ነው ውጊያው፣
የራስ ሰው ነው እንጂ ሌሊት የሚያስነቃው።
«ንጉሥ አይከሰስም» ይላሉ ያልነገሡ፣
ሰባት ናቸው በየወሩ እኔን የሚከሱ!
ጉልት ስሰጥ ለአንዱ፣ ሌላው ያኮርፋል፤
ልጄን ስድርለት፣ ሦስተኛው ይከፋል፤
ወርቅ የሰጠሁት ሰው ወርን አይሻገርም፣
ቁጥሩ ይመለሳል፤ ወርቅ ልብ አያስርም።
ግብር አበላሁ ደግሞ፣ ሥጋ ጠጁ ሞልቶ፤
ኢብሳ አንድ ጨመረ፣ አንድ ቀነሰ ነግቶ።

በኋላ ነው የገባኝ፣ ከብዙ ሽንፈት ወዲያ፦
የሚያሻክረው ርቀት ነው፣ ዝምታ ነው መጀመሪያ።
ከዙፋኑ ርቆ፣ አጠገቡ ሰው አጥቶ፣
ከሺህ ጦር መካከል ብቻውን ተቀምጦ፣
በወር አንድ ነጥብ፣ በወር አንድ ነጥብ ይፈሳል፣
እንደተበሳ ጀሪካን፤ ማን ያስታውሳል?
መድኃኒቱ አይከብድም፤ ፈረሰኛ ልኮ
«ክረምቱን ከኔ ጋር» ማለት ነው፤ እርሱም ሰው ነው እኮ።

ሪድዋን ሁለት ነበር። አየሁት። ተውኩት።
ሌላ ጦርነት ላይ ነበርኩ፤ «ቆይ ነገ» አልኩት።
ዛሬ ማታ ከዳ። ምሽጉን አስረክቦ፣
በራሴው ወታደር መጣብኝ ከቦ።
ዘመትሁ። ያዝሁት። ሣጥን መጣ፣ ሦስት ምርጫ፦
ምሕረት፣ እሥር፣ ሰይፍ።
ሰይፉን ነካሁት፤ ያው፣ የንዴት መወጫ።
ስሙ ከሰንጠረዡ ጠፋ፣ ቦታው ባዶ ቀረ፤
«ሪድዋን አረፈ» የሚል አንድ መስመር ነበረ።

እውነተኛው ሪድዋን ጅቡቲ ነው ያለው፣
በሌሊት ፈረቃ ኮንቴይነር የሚቆጥረው።
መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየወሩ፣
ቀጥሎ ለዒድ ብቻ፤
ቀነሰ፣ ቀነሰና ዝም አለ ቁጥሩ።
በሰው ራስ ላይ እኮ አይጻፍም አኃዝ፣
ደወል አይጮህልህም ሲሸሽ አበጋዝ።

መብራቱ ሄደ ድንገት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፤
ቬንትሌተሩ ቆመ፤ ጨለማው ዋጠኝ።
ሴቭ አላደረግሁም! ዘመቻው፣ ድሉ፣ ሰይፉ
ከኮረንቲው ጋራ አብረው ነው ያለፉ።
መብራት ሲመጣ እንግዲህ ሪድዋን ይነሣል፣
ከባሕሩ ዳር ቆሞ፣ ሁለት ላይ፣ ይመለሳል።

ፍራሼን አውጥቼ ከሰዉ ጎን ጣልኩና
ደወልኩ። ጠራ። ጠራ። ልዘጋ ስል ገና፣
«አቦ ምን ሆነሃል? ሰው ሞተ እንዴ?» አለ።
«ሞቶ ነበር» አልኩት፤ «መብራት ሄደ፣ አለ።»
ሳቀ። የድሮው ሳቅ፣ ጉሮሮው የሻከረ።
«ራስነቴስ?» አለኝ፣ «ወይስ እኔም ተሻርኩ እንደተሻረ?»
«ሁለት ነህ» አልኩት። ዝም አለ። ከኋላው
ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማል፣ ክሬን ነው።
«ሁለት...» አለ። «ቆይ፣ አለቃዬ ጠራኝ፤
እንዳትዘጋው፣ እሺ? ስመለስ ንገረኝ።»

አልዘጋሁም።
ካርዴ በየደቂቃው ይፈሳል፣
ከደቻቱ ደረቅ አሸዋ ውሻ ያለቅሳል።
ስልኩን ላብ ከጆሮዬ አጣብቆት፣ በጀርባዬ ተኝቼ
አንድ አንድ እያለ የሚያርፈውን የወደብ ብረት እቆጥራለሁ፦
ሦስት።
አራት።
አምስት።