ወንበሩ ጥላውን ሲከተል

መምህር ናሆም ፊልም አደሉን፣ ጊዜው ያለፈበት፤
"አንድ ሕንፃ ምረጡ፤ ብርሃን አጥኑበት።
ከሠላሳ ስድስት አንድ አይጨመርም፤
ፊልም እንደ ሽንኩርት በኪሎ አይሸጥም።"

እኔ የመረጥኩት ከክፍሌ ትይዩ፣
አናቱ ላይ ባዶ ብረቶች የሚታዩ፣
አምስተኛው ፎቅ ላይ ገንዘብ ያለቀበት፣
የባሕር ዛፍ መወጣጫው ግራጫ የሆነበት፣
የአዳማ ነፋስ ብቻ ኪራይ ሳይከፍል የሚያድርበት።

ታኅሣሥ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ከፊቱ ቆሜ አነሳሁ፤
ፀሐይ ከኋላው ናት፤ ይህን ረሳሁ።
ሕንፃው ከሰል ሆነ፣ ሰማዩ እንደ ኖራ፤
አምስት ፍሬም ሄደ በዚች ሙከራ።

በማግስቱ ማልጄ ከአስፋልቱ ዳር ተኛሁ፣
ጀርባዬን ለአቧራ፣ ዓይኔን ለላይ ሰጠሁ፤
ሕንፃው ተንጋደደ፣ ሊወድቅብኝ መጣ፤
ባለ ባጃጁ ቆሞ፦ "ምን ሆንሽ? ውኃ ላምጣ?"
ዘበኛው ግን ደርሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፦
"ክልክል ነው!" አሉኝ፤ "ፈቃድሽ የት ነው?"
"የሕንፃው ነው ክልክል?" "የሕንፃውም፣ የኔም፤
ባለቤቱ ጠፍቷል፤ ሕጉ ግን አልጠፋም።"

ከዚያ እሑድ ራሴን አሞኝ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣
በጠራራ ቀን ጨለማ ውስጥ ተኝቼ፣
በቆርቆሮው መዝጊያ ላይ ምስማር የበሳት፣
ምስር የማታክል፣ ማንም ያልደፈናት፣
ያቺ ቀዳዳ
ሕንፃውን ዘቅዝቃ አመጣችው ከእኔ ግድግዳ።

ሰማዩ ከታች ነው፣ ከጫማዬ ዘንድ፤
ከጣራዬ ሥር ተንጠልጥሎ መንገድ፤
ባጃጆች እንደ ሰማያዊ ጢንዚዛ ሲርመሰመሱ፣
በዝናብ እድፉ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲፈሱ።
እጄን ብዘረጋ ሕንፃው መዳፌ ላይ ወጣ፣
አምስት ፎቅ ሙሉ፣ ክብደት ያጣ።
ለካ የምተኛበት ክፍል፣ በወር ሦስት ሺህ ብር፣
እኔ ካሜራ ስዋስ፣ ካሜራ ነበር።

በዚያ በዞረው ዓለም አንዲት ነጥብ አየሁ፦
ፀሐይ ስትነካት ብቅ፣ ጥላ ሲውጣት ጥፍት። ጠበቅሁ።
ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ ብቅ አለች፣
አንድ እርምጃ ሄደች፣ ዳግመኛ ሰመጠች።
ጋሽ ዲንቃ ናቸው፣ የፕላስቲክ ወንበር አንጠልጥለው፣
ጥላ ሲሸሻቸው፣ ተከትለው፣ ተከትለው።

ሰኞ ባዶ እጄን፣ ያለ ካሜራ ሄድኩ፤
"ጥላው የት ይውላል?" ብዬ ጠየቅኩ።
"ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ፣ ከበርሜሉ ሥር፤
ስድስት ላይ ያጥርና ይጠቁማል ያንቺን በር፤
ዘጠኝ ሲል እዚያ ነኝ፣ ከአሸዋው ክምር።
ሰኔ ሲገባ ግን ፀሐይ ትገለበጣለች፤
ጥላዬን በጓሮ በር ታዞረዋለች፤
እኔም እዞራለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ
ይህን ነው የጠበቅሁት፤
ሕንፃ ይላሉ እንጂ ሌሎቹ ሁሉ።"

መሬቱን አየሁት። የወንበሩ እግሮች፣
አራት አራት ሆነው፣ የተወጉ ጉድጓዶች፣
ከበርሜሉ እስከ አሸዋው እንደ ማጭድ ጎብጠው፣
ጠዋትን ከማታ አቧራ ላይ ሰፍተው።
የቀረኝን ፍሬም፣ አንድ ነበር፣ ሰጠኋቸው።
ማታ ነፋስ መጣና ደመሰሳቸው።

መምህር ናሆም ፎቶውን አገላበጡት፦
"ሕንፃውስ የታለ?" መልስ ነበረኝ፤ ዋጥኩት።

አንዱን ቅጂ ለጋሽ ዲንቃ ወሰድኩላቸው፤
መነጽር የላቸው፤ አራቁት ከዓይናቸው።
"እኔስ የታለሁ ታዲያ?" "ክልክል ነው ብለውኝ!"
"ብዬሽ ነበር?" አሉ፤ ትንሽ ቆዩና፦ "ወንበሩን ያዥልኝ፤
ጥላው ጥሎን ሄዷል።"