ታቹ የገባ ጣሳ

ከአይከል መጣልን በትንሽዬ ብልቃጥ፣
ሚኒባስ ወንበር ሥር እስከ አዘዞ ሲናጥ፤
የጡት ሥጋ ቁራጭ፣ ከጣቴ ጥፍር የሚያንስ፤
ስሟን ፎርማሊን አጥቦት ጽሑፉ ሲደመሰስ
«ይታይ» ብቻ ተርፏል፤ የቀረው ፈስሷል።
ቁጥር ሰጠኋት፤ ቁጥር ስሟን ወርሷል፦
አራት መቶ ዐሥራ ሰባት።

ማታ ሰም ውስጥ ቀበርኳት።
ጎንደር ነውና አገሩ፣ ሰም ያለ ሁሉ ወርቁን ይጠየቃል፤
የኛ ሰም ግን ሰም ነው፤ ይረጋል፣ ይቀልጣል።
ጠዋት በምላጭ ስቆርጠው፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣
ለብ ባለ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው በመስታወት የማነሳ፤
እፍ ያሉት እንደሆን ይታጠፋል፤
የታጠፈ ደግሞ ማን ያነባል?

የምንፈልገው ፕሮቲን ነው፣ በሴሉ አስኳል የሚያድር፣
ኤስትሮጅን ሲጠራው «አቤት!» ብሎ ዕጢውን የሚያዳብር።
እሱ ካለ፣ ጆሮውን የሚደፍን ኪኒን አለ፤
ከሌለ ሌላ መንገድ ነው፤ ዳገቱ ያየለ።
ፎርማሊን ጠፍሮ አስሮታል፤
በብረት ድስት ስናፍላው ይፈታል።
አንቲቦዲውን አንጠባጠብኩ፣ እንደ ሽቶ በስስት፤
ፕሮቲኑን ካገኘ፣ ቡኒ ይጥላል ምልክት።

ሌንሱን ዝቅ አድርጌ አየሁ።
ሰማያዊ። ሰማያዊ። ሜዳ ሙሉ ሰማያዊ አስኳል።
አንድም ቡኒ የለም።
ዜሮ። መጻፉ ቀላል።

ብዕር ካነሳሁ በኋላ ነው አባቴ ትዝ ያለኝ።
ቅዳሜ ገበያ ኑግ ይሸጥ ነበር።
ከጎኑ ባሻ ቸኮል ይሰፍራሉ፣ ታቹ በገባ ጣሳ፤
ገዢ ቁልሉን አይቶ ይመርቃል፤ ታቹን ማን ሊያነሳ!
አባቴ ግን ማታ ማታ የራሱን ጣሳ ገልብጦ በጣቱ ይዳብሳል፤
«ከመስፈርህ በፊት መስፈሪያህን ስፈር» ይላል።
ያኔ ያስቀኝ ነበር።

ብዕሬን አስቀመጥኩ።
ምስክሩን አወጣሁ፣ ሁልጊዜ አብሮ የሚቀባውን፣
ቡኒ መሆኑን የምናውቀውን፣ ዋሽቶ የማያውቀውን።
እሱም ገርጥቷል! እሱም ሰማያዊ ለብሷል!
ሐሙስ ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨርሷል፤
ማቀዝቀዣው ሲያልበው አድሮ፣ ጠርሙሱ ሞቆ ነበር፤
እኛ ደግሞ ጠዋት መጥተን፣ ቀዝቃዛ ነው ብለን ስንሰፍር።
እንግዲህ ዜሮው የሷ አይደለም፤ የኛ ነው።
እሷ ዝም አላለችም፤ ጥያቄያችን ነው የደከመው።

አዲስ ጠርሙስ ለመንኩ። ሁለት ቀን አለፈ።
እንደገና ቆረጥኩ፤ ትንፋሼ ቆመ፤ ሰሙ ረገፈ።
አሁን ቡኒ አለ፤ ሜዳው ላይ እንደ ተበተነ ተልባ፣
አንዳንዱ ደማቅ፣ አንዳንዱ ፈዛዛ፣ ከዐይን የማይግባባ።
እኔ ከመቶው ስድሳ አምስት ቆጠርኩ፤ ዶክተር አዛናው ሃምሳ አምስት።
እሳቸው ፈዛዛውን አይቆጥሩም፤ እኔ እምርለታለሁ፤
የሁልጊዜ ጠባችን ነው፣ ያለ ጩኸት።
ስድሳ ብለን ጻፍን። የተጣላንበትን ዐሥር እግዜር ይወቀው፤
ኪኒኑ ግን አለ። እሱን ነው የጠየቅነው።

መስኮቱ ላይ ሰው ቆሟል፤ ጫማው ሙሉ አቧራ፤
ደረሰኙን አራት አጥፎ፣ «ወንድሟ ነኝ» አለ፤ ሌላውን ለመጠየቅ ፈራ።
ውጤቱን ሐኪሟ ነው የሚነግራት፤ የኔ አፍ የታሰረ ነው።
«ሙሉ ስሟን?» አልኩት ብቻ።
«ይታይሽ።»

ብልቃጧ ላይ፣ መዝገቡ ላይ፣ የጎደለችውን አንዲት ፊደል ሞላሁ፤
ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አልኩበት። እዚህ ላይ ይፈቀዳል።
አራት መቶ ዐሥራ ስምንት ከደባርቅ ነው፤ ክዳኑ ያፈሳል።