በየስልሳ ሰከንዱ

ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ ለገሃር ፊት ለፊት፣
አራተኛው ፎቅ ላይ፣ በማሽኖቹ ቤት፣
ለሰርቨር በታሰበ ብርድ ተኮራምቼ፣
የጋሽ ድንበሩን ጋቢ ከወንበሩ አንስቼ፣
አዲስ ሲስተም ጫንኩኝ። አሁን የቀረኝ ሥራ
ጠባቂ መቅጠር ነው፣ ሌሊት የሚያጣራ፤
ደመወዝ የማይጠይቅ፣ የማያዛጋ፣ የማይተኛ፣
ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚነሳ ዘበኛ።

የቅንብሩን ፋይል ከፈትኩ። ጥቁር ገጽ፣ ነጭ ፊደል፤
መስመር በመስመር ነው፤ አንዲት ነጥብ ብትጎድል
አልነሳም ይላል፣ እንዳኮረፈ ባል።

በየስንት ይጠይቅ? በየስልሳ ሰከንድ።
ስንቴ ዝም ሲሉት ይጩህ? ሦስቴ። አይሆንም አንድ፤
ሰውም እኮ አንዳንዴ ሲጠሩት አይሰማም፣
አንዴ ዝም ማለት መሞት ማለት አይደለም።

ጥያቄው አጭር ነው፤ «አለህ ወይ?» ነው፣ በቃ፤
መልሱም «አለሁ» ብቻ፣ ከእንቅልፍ እንደነቃ።
ልጆችስ፣ ጤናስ፣ ሰፈሩስ የሚል የለም፤
እንዲህ ያለ ሰላምታ ሰው መሃል አላየሁም።

ሲጮህስ ማን ይስማ? የድሮውን ባየው
የጋሽ ድንበሩ ቁጥር እንዳለ ነው ያለው፤
ጡረታ ከወጣ ሁለት ክረምት አልፎ
ስሙ እዚህ ያመሻል፣ በራሱ እጅ ተጽፎ።

ከዝርዝሩ መሃል «ፒያሳ ቅርንጫፍ» ይላል።
ፎቁ፣ የእንጨት ደረጃው፣ ከፈረሰ ቆይቷል፤
ገመዱ ተቆርጦ ላዩ አስፋልት ለብሷል።
ማሽኑ ግን አልሰማም፤ «አለህ ወይ?» ይለዋል፤
ስልሳ ይቆጥርና
ደግሞ «አለህ ወይ?» ይላል።

መዝገቡን ገለጥኩት። በየሌሊቱ አንድ መልእክት፣
«ፒያሳ አልመለሰም»፣
ለጋሽ ድንበሩ ስልክ፣ አያት ኮንዶሚኒየም ቤት።
ሁለት ዓመት ሙሉ! አንድም ቀን ደውሎ
ተቆጥቶን አያውቅም፣ «ኧረ አስተኙኝ» ብሎ።

ቁጥሩን በእኔ ተካሁ። የፒያሳን መስመር
ልሰርዝ አልኩና አቃተኝ። ትንሽ አጥር፣
ሁለት ቋሚ፣ ሁለት ማገር፣ ከፊቱ አቆምኩለት፤
ማሽን ዘሎት ያልፋል፣ ሰው ያነበዋል ድንገት።

አገልግሎቱን አስነሳሁ። አረንጓዴ በራ።
ከታች የመጀመሪያው ረዳት «ሜክሲኮ!» እያለ ሲጣራ
መስኮቱን ከፈትኩ፣ ሌላ ብርድ ልቅመስ ብዬ።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ፣
አቧራ የለበሰው የቢሮው ስልክ ጮኸ።
ጋሽ ድንበሩ ነበር። «እንዴት አደርሽ» የለ፣
«ሌሊቱን ስልኬ ዝም አለ፤ ምነው?
አላችሁ ወይ?» አለ።

ጋቢውን ወደ አንገቴ ሳብ አደረግኩና
«አለን፣ ጋሼ» አልኩት።

ቶሎ አልዘጋውም።